የበረንዳው ሴራሚክና የግቢው ኮንክሪት የሚገናኙበት መስመር በየክረምቱ ይከፈታል፣ በምን ይሞላ?

ደምበላ_7

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ አዳማ ነው፣ ደምበላ አካባቢ። የበረንዳው ወለል 60 በ60 ፖርስሊን ሲሆን ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ነው። ከበረንዳው ጫፍ እስከ አጥሩ በር ድረስ 8 ሜትር ኮንክሪት ተሞልቷል። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ነው፣ መሃሉ ላይ የተቆረጠ መስመር የለውም። ሴራሚኩና ኮንክሪቱ ከፍታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል።

የሚገናኙበት መስመር መጀመሪያ በነጭ ሲሚንቶ ተሞልቶ ነበር፣ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ ሲሚንቶና ቪናቪል ተቀላቅሎ ተሞላ፣ እሱም በአንድ ጎኑ ለቀቀ። አሁን ክፍተቱ የሆነ ቦታ 4 ሚሊ፣ የሆነ ቦታ 15 ሚሊ ይደርሳል። ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ይውጠዋል። ጫፍ ላይ ካሉት ሴራሚኮች ሦስቱ ሲመቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣሉ፣ በመጋጠሚያቸው በኩልም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር እየወጣ ነው።

አንዱ ባለሙያ "ሲሊኮን ይበቃዋል" ይላል፣ ሌላው "ጫፉ ፈርሶ እንደገና ይሠራ" ይላል። ትክክለኛው የቱ ነው? ምን ያህል ዕቃ ይፈጃል? አሁን ሚያዝያ ነው፣ ሐምሌ ሳይገባ ይደርሳል?

ውሃ_ልክ

ወንድሜ፣ ሁለቴ የከሸፈው ሙሌቱ ስለሳሳ አይደለም። ሲሚንቶውን የፈለግከውን ያህል ብታጠነክረው ሦስተኛም ይሰነጠቃል። በረንዳው የተቀመጠው በቤቱ መሠረት ላይ ነው፣ ግቢው ደግሞ በአፈር ላይ የተኛ ነው። ሁለቱ አብረው አይንቀሳቀሱም፣ ስለዚህ በመካከላቸው የሚገባው ነገር የሚሳብና የሚጨመቅ መሆን አለበት።

በቁጥር እንየው። ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ ሙቀት በእያንዳንዱ ሜትር 0.01 ሚሊ ገደማ ይረዝማል። የግቢህ ኮንክሪት 8 ሜትር ነው። በቀን ፀሐይና በሌሊት ብርድ መካከል የኮንክሪቱ ሙቀት በ30 ዲግሪ ቢለያይ 8 × 30 × 0.01 = 2.4 ሚሊ ይሆናል። በሩ በኩል ያለው ጫፍ ከአጥሩ መሠረት ጋር ተጣብቆ ከሆነ ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚወጣው በረንዳው በኩል ነው። ከስፋቱ 25 በመቶ የሚሳብ ማሸጊያ (ክፍተት የሚሞላ የሚለጠጥ ነገር) ተጠቅመህ ክፍተቱ 5 ሚሊ ከሆነ 1.25 ሚሊ ብቻ ይችላል፣ ይቀደዳል። 10 ሚሊ ከሆነ 2.5፣ ለጥቂት ነው። 12 ሚሊ አድርገው፣ 3 ሚሊ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው መስመሩን አስፍቶ በማስተካከል ነው። ጠባቡን ቦታ እንዳለ ትቶ መሙላት ብዙ ሰው የሚሠራው ጥፋት ነው፣ ማሸጊያው መጀመሪያ የሚቀደደውም እዚያው 4 ሚሊ ቦታ ላይ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ግራይንደር ላይ የዳይመንድ ዲስክ ግጠምና በኮንክሪቱ በኩል ብቻ ቁረጥ። ሴራሚኩን አትንካ፣ ፖርስሊን ጠርዙ ቶሎ ይፈነጠራል። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ወይም ጣውላ አስረህ ከሴራሚኩ ጠርዝ 12 ሚሊ ርቀት ላይ መስመር አስምር፣ በዚያ ሂድ። ጥልቀቱ ቢያንስ 4 ሳንቲ ይሁን። በሁለቱ መካከል የቀረውን አሮጌ ሲሚንቶ በቀጭን እስካርፔሎና በትንሽ መዶሻ አውጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እይ፦ ሴራሚኩ የተነጠፈበት ሞርታር ከበረንዳው አልፎ ወደ ግቢው ኮንክሪት ተሻግሮ ከሆነ እሱንም እስከ ታች ቁረጠው። እሱ ካልተቆረጠ ከላይ የምታደርገው ሁሉ ጌጥ ነው። የጫፎቹ ሴራሚኮች የተነሱትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ ኮንክሪቱ ሲረዝም ሞርታሩን እየገፋ ከሥር ያላቅቀዋል።

15 ሚሊ የሆነውን ቦታ እንዳለ ተወው፣ ችግር የለውም። ከ25 ሚሊ በላይ የተቦረቦረ ካገኘህ ግን በኮንክሪቱ በኩል ጠርዙን መሥራት ያስፈልጋል፦ 1 ኦፒሲ ሲሚንቶ ለ3 የተነፋ አሸዋ፣ በውሃው ፋንታ እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኤስቢአር ላቴክስ (ሞርታር ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ማያያዣ) እና ውሃ። ከዚያ በፊት ላቴክሱን ከሲሚንቶ ጋር እንደ ወፍራም ቀለም በጥብጠህ የተጠረገውን ኮንክሪት በብሩሽ ቀባው፣ ሳይደርቅ ሞርታሩን አስቀምጥበት። ከደረቀ ፍቀህ እንደገና ቀባ፣ በደረቀ ላቴክስ ላይ ሞርታር አይዝም። ቪናቪሉን ለውጭ ሥራ እርሳው። ውሃ ሲያገኘው ተመልሶ ይለሰልሳል፣ ያንተም የለቀቀው በዚህ ነው።

ሴራሚክ_ኮላ

ከላይ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉን ልጨምር። ባዶ የሚጮኹት ሴራሚኮች መጀመሪያ ይነሱ። ማሸጊያው ልቅ በሆነ ሴራሚክ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ ሴራሚኩን ራሱን እየጎተተ ያነሳዋል።

ሦስት ብቻ ናቸው ብለህ አትመን። በመዶሻ እጀታ ወይም በሳንቲም ከጫፍ ጀምረህ ሁለት ረድፍ ሙሉውን አንኳኳ፣ ባዶ የሆነውን በእርሳስ ምልክት አድርግ። መሃሉ ድፍን ሆኖ ማዕዘኑ ብቻ ባዶ የሚሆን አለ፣ እሱም ይነሳ።

ስታነሳ ዙሪያውን ያለውን ግራውት (የመጋጠሚያ ሙሌት) በግራይንደር ቁረጥ፣ ከዚያ ከኮንክሪቱ በኩል እስካርፔሎ አስገብተህ ቀስ ብለህ አንሳ። ጎረቤቱን ሳይሰብር ይወጣል። ሥሩን ስታየው ጀርባው ንፁህ ሆኖ ሞርታሩ መሬት ላይ ከቀረ፣ በተራ ሲሚንቶ የተለጠፈ ፖርስሊን ነው ማለት ነው። ፖርስሊን ውሃ የሚመጠው ከክብደቱ ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ ሲሚንቶው የሚይዝበት ቀዳዳ አያገኝም። እንደ ድሮው ሴራሚክ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉም ለፖርስሊን ምንም አይጠቅምም፣ እንዲያውም እርጥብ ጀርባ ይጎዳል።

ፖሊመር ባለው የሴራሚክ ኮላ መልሰው። 10 ሚሊ ጥርስ ባለው ስፓቱላ ወለሉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ስበው፣ የሴራሚኩን ጀርባም በስሱ ለቅልቀው። ደጅ ላይ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ መለጠፍ ክልክል ነው። ባዶ በቀረው ቦታ ውሃ ይተኛል፣ የምታየው ነጭ ዱቄትም ከዚያ ነው የሚመጣው፦ ውሃው ከሲሚንቶው ኖራ እያሟሟ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይደርቃል። አሲድ አፍስሰው ሊያጥቡት የሚሞክሩ አሉ። አሲዱ ነጩን ያነሳል፣ ግን ግራውቱንም ይበላል፣ ውሃው ካልቆመ ደግሞ ከወር በኋላ ይመለሳል።

ሲሊኮን ላይ አንድ ቃል። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እንደ አቼቶ የሚሸተው ነው። እሱ ለመስታወትና ለመታጠቢያ ቤት ነው። ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ከኮንክሪቱ ጋር ስለሚጣላ በሴራሚኩ በኩል ይዞ በኮንክሪቱ በኩል ላጥ ብሎ ይነሳል። ሲሊኮን ከሆነ የማይሸተው፣ ኒውትራል የሚባለው ይሁን። እኔ ብጠየቅ ግን ፖሊዩረታን ነው የምመርጠው። ኮንክሪትን አጥብቆ ይይዛል፣ የመኪና ጎማም ይችላል።

ገረጋንቲ

ሁላችሁም ስለ ላዩ እያወራችሁ ነው፣ እኔ ስለ ታቹ ልጠይቅ። ኮንክሪቱ ወርዷል ወይስ አልወረደም? የአዳማ አፈር በብዙ ቦታ ልል፣ አመድማና አሸዋማ ነው። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲጠጣ ይሰምጣል፣ በስንጥቅ የሚገባ ውሃ ደግሞ ደቃቁን እየጠረገ ይወስደዋል።

ሦስት ነገር ፈትሽ፦

የኮንክሪቱን ጠርዝ ከመስመሩ 30 ሳንቲ ራቅ ብለህ በከባድ ብረት ዘንግ እየመታህ ሂድ። ከበሮ የመሰለ ድምፅ ካለ ከሥሩ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ በየ50 ሳንቲው 4 ሳንቲ ስፋት ያለው ቀዳዳ አውጣና 1 ሲሚንቶ ለ2 ደቃቅ አሸዋ ፈሳሽ አድርገህ አጠጣው፣ በሚቀጥለው ቀዳዳ ብቅ እስኪል። ውሃውን ግን ከልክ በላይ አታብዛ፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይሸሻል።

ከዚያ ጀሶ በጥብጠህ በመስመሩ ላይ ሁለት ቦታ እንደ ድልድይ ለጥፍ፣ ቀኑን ጻፍበት። በጀሶው ላይ የሚታየው ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ከተከፈተ የሙቀት ጉዳይ ነው። አንዱ ጎን ወርዶ ደረጃ ከሠራ ኮንክሪቱ ገና እየሰመጠ ነው፣ እንደዚያ ከሆነ ማሸጊያ ለመግዛት አትቸኩል።

ሦስተኛው ቁልቁለቱ ነው። 2 ሜትር ጣውላና ውሃ ልክ ያዝ። ከበረንዳው ወደ በሩ በሜትር 1.5 ሳንቲ ገደማ መውረድ አለበት። ወደ በረንዳው ካዘነበለ ውሃው በዚያ መስመር ይተኛል፣ የትኛውም ማሸጊያ ደግሞ ውሃ ተኝቶበት ዕድሜው አጭር ነው። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚጥለው? ብዙ ጊዜ በቀጥታ በረንዳው ጫፍ ላይ ነው የሚወርደው።

ፌሮ_12

ሬንጅ አሙቁና አፍሱበት፣ ርካሽ ነው።

ሴራሚክ_ኮላ

ሬንጅ ለኮንክሪትና ለኮንክሪት፣ ለመንገድ መስመር እሺ። እዚህ ግን በቀን ፀሐይ ይለሰልስና በጫማ ሥር ተይዞ ሳሎን ይገባል። በሴራሚኩ ጠርዝ ላይ የነካውን ደግሞ በቤንዚን ነው የምታነሳው፣ ግራውቱ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ደምበላ_7

እናመሰግናለን። ፈትሻለሁ። ከሥሩ ባዶ ድምፅ የለም። የጀሶው ስንጥቅ ቀጥ ያለ ነው፣ ደረጃ አልሠራም። ቁልቁለቱ ግን ወደ በረንዳው ነው፣ በ2 ሜትር 1 ሳንቲ ያህል። አሸንዳ የለም፣ የጣሪያው ውሃ መስመሩ ላይ ነው የሚወርደው። ባዶ ሴራሚኮቹ አምስት ሆኑ። አሁን ምን ላድርግ?

ውሃ_ልክ

እንግዲያው የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፣ ማሸጊያው ተከታይ ነው።

አሸንዳ ግጠም፣ ውሃውን በቱቦ ከግቢ አስወጣ። ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ይወስዳል።

ቁልቁለቱን ለማስተካከል ሙሉውን ግቢ ማፍረስ አያስፈልግም። በበረንዳው ሥር፣ ከኮንክሪቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ሳንቲ ወርድ ያለው ክር ቆርጠህ አውጣና ቦይ ሥራበት። የውስጥ ወርዱ 15 ሳንቲ፣ ግራና ቀኙ 10 ሳንቲ ኮንክሪት ይሆናል። ውድቀቱ በሜትር 1 ሳንቲ ይሁን፦ በ9 ሜትር 9 ሳንቲ ነው፣ ስለዚህ መነሻው ላይ ጥልቀቱ 6 ሳንቲ ከሆነ መድረሻው ላይ 15 ሳንቲ ይሆናል። ቆፍረህ መሬቱን በውሃ አርጥበህ በደንብ ጠቅጥቅ፣ 10 ሳንቲ ገረጋንቲ አድርግና እሱንም ጠቅጥቅ። ኮንክሪቱ 1፡2፡3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ይሁን፣ ጠጠሩ ደቃቁ። ላዩን በላሜራ ግሪል ሸፍነው፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ብረቱ ወፍራም ይሁን።

የዚህ ቦይ ሁለተኛው ጥቅም መስመሩን ንፁህ አድርገህ ከመጀመሪያ እንድትሠራው መፍቀዱ ነው። ኮንክሪቱን ከማፍሰስህ በፊት በበረንዳው ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች 12 ሚሊ ፎም ሰሌዳ አቁም። የላይኛውን 25 ሚሊ በኋላ በቢላ ቆርጠህ ታወጣዋለህ፣ ክፍተቱ እኩልና ቀጥ ያለ ሆኖ ይጠብቅሃል። በቦይውና በቀረው የግቢ ኮንክሪት መካከልም እንዲሁ ፎም አድርግ፣ ያኔ የ8 ሜትሩ ግፊት በረንዳው ላይ ከመድረሱ በፊት እዚያ ያልቃል።

ቦይውን ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ አጠጣ። የአዳማ ንፋስና ፀሐይ አዲስ ኮንክሪትን በአንድ ከሰዓት ሊያደርቁት ይችላሉ፣ ላዩ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። ፖሊዩረታኑን ለማስገባት ከፈሰሰ 28 ቀን ጠብቅ። ሚያዝያ መጨረሻ ብትፈስስ ግንቦት መጨረሻ ላይ ታሽጋለህ፣ ክረምቱ ሳይከብድ ይደርሳል። እስከዚያ ፎሙ በቦታው ይቆይ።

ደምበላ_7

አሸጋጉን ዝርዝር አድርጉልኝ፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው።

ሴራሚክ_ኮላ

በጥንቃቄ የሚሠራው ይህ ነውና ረዘም ላድርገው።

የሚያስፈልግህ፦ ለኮንክሪት መጋጠሚያ የሚሆን ፖሊዩረታን ማሸጊያ፣ 25 በመቶ የሚሳብ። ሲካፍሌክስ አንዱ ነው፣ የሌላም ድርጅት ይሆናል፣ ዋናው ቱቦው ላይ "ለወለል መጋጠሚያ" የሚለውን ማንበብ ነው። የግንባታ ማጣበቂያ የሆነውም በተመሳሳይ ቱቦ ስለሚሸጥ እንዳትሳሳት፣ እሱ ሲደርቅ ጠንካራ ነው። ያለቀበትን ቀን እይ፣ ጊዜው ያለፈበት ፖሊዩረታን ቱቦው ውስጥ ይጠነክራል።

ስፋት 12፣ ጥልቀት 8 ሚሊ ከሆነ በሜትር 96 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። በ9 ሜትር 864፣ ብክነት ሲጨመር 950 ገደማ። ባለ 600 ሚሊ ሊትር ሶሴጅ (በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ማሸጊያ) ከሆነ ሁለት፣ ባለ 300 ቱቦ ከሆነ አራት ግዛ። ለቦይውና ለግቢው መጋጠሚያም ያንኑ ያህል ጨምር። የድርጅቱን የኮንክሪት ፕራይመር አንድ ትንሽ ጣሳ፣ ክብ የፎም ገመድ 15 ሚሊ ውፍረት 20 ሜትር፣ የቀለም ፕላስተር፣ አልኮል።

ገመዱ ከክፍተቱ በሩብ ያህል የሚወፍረው ተጨምቆ በቦታው እንዲቆም ነው። ሁለት ሥራ አለው፦ ጥልቀቱን ይወስናል፣ ማሸጊያው ታች እንዳይለጠፍ ይከለክላል። ማሸጊያ በሁለቱ ጎን ብቻ ሲይዝ እንደ ላስቲክ ይሳባል። ታችም ከያዘ በሦስት በኩል ታስሮ መሃሉ ላይ ይቀደዳል። ገመዱን በስለት አትግፋ፣ ከተበሳ ውስጡ ያለው አየር ማሸጊያው ውስጥ አረፋ ይሠራል። ደነዝ ጣውላ ላይ 8 ሚሊ የሚያስቆም ምስማር ምታና በሱ ግፋ፣ ጥልቀቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ይሆናል።

አቧራው ዋናው ጠላት ነው። በመጥረጊያ ከጠረግህ ከቀዳዳው ወጥቶ ይመለሳል። በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ በኮምፕሬሰር ንፋ፣ የሴራሚኩን ጠርዝ በአልኮል ጥረግ፣ የኮንክሪቱን ጎን ፕራይመር ቀባ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ያህል ይድረቅ። ጣትህን በኮንክሪቱ ጎን አሳልፍ፣ ዱቄት ይዞ ከወጣ አልጸዳም። ቀትር ላይ ንፋሱ ከተነሳ ሥራውን አቁም።

ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ከሠራህ ኮንክሪቱ እየጋለ ሲሄድ በውስጡ ያለው አየርና እርጥበት እየወጣ ያልደረቀውን ማሸጊያ ያፈላዋል፣ ላዩ አረፋ አረፋ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ኮንክሪቱ እየበረደ ስለሆነ ይህ የለም። ዝናብ በጣለ ማግስት አትሥራ።

በሁለቱም ጠርዝ የቀለም ፕላስተር ለጥፍ። የቱቦውን አፍ 45 ዲግሪ ቁረጥ፣ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ እየሞላህ ሳታቋርጥ ሂድ። ወዲያው በደረቅ ስፓቱላ ወደ ታች ጫን እያደረግህ ስበው፣ መሃሉ ትንሽ ጎድጎድ ይበል። የሳሙና ውሃ ለሲሊኮን ነው። ፖሊዩረታን ላይ ካበዛኸው በማሸጊያውና በጠርዙ መካከል ገብቶ ያላቅቀዋል። ፕላስተሩን ሳይደርቅ አንሳ።

ጥቁር ወይም ግራጫ መስመር ካስጠላህ ፕላስተሩን ከማንሳትህ በፊት የተነፋ ደረቅ አሸዋ በትንበት፣ በእጅህ በስሱ ጫን። ሲደርቅ ኮንክሪት ይመስላል፣ አያዳልጥም፣ ፀሐይም ላዩን ቶሎ አይበላውም።

ለእግር አንድ ቀን፣ ለመኪና ሰባት ቀን። ፖሊዩረታን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው፣ በቀን 2 እስከ 3 ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል። አዳማ ደረቅ ስለሆነ ቀስ ይላል፣ ላዩ ደርቋል ብለህ አትታለል።

ገረጋንቲ

በረንዳው ራሱስ? 9 ሜትር ፖርስሊን ያለ አንድ ክፍተት ከተነጠፈ በርዝመቱም ይገፋል። መሃል ላይ፣ 4.5 ሜትር አካባቢ ካለው መጋጠሚያ ግራውቱን አውጥተህ እሱንም በዚሁ ማሸጊያ ሙላው። በረንዳው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትንም ዞኮሎው ሥር እይ፣ በሲሚንቶ ከታሰረ እዚያም ክፈተው።

ደምበላ_7

መጋጠሚያው 3 ሚሊ ብቻ ነው፣ የፎም ገመድ አይገባም። ምን ላድርግ?

ሴራሚክ_ኮላ

በቀጭን ዲስክ 6 ሚሊ እስኪሆን አስፋው፣ ከሁለቱም ሴራሚክ ጠርዝ እኩል እየወሰድህ፣ ጠርዙ እንዳይፈነጠር ቀድመህ ፕላስተር ለጥፈህበት። ለገመድ ጥልቀት ስለማይበቃ ታች ላይ ቀጭን የማሸጊያ ስኮች ለጥፍ፣ ፖሊዩረታን ስኮች ላይ አይዝም፣ የገመዱን ሥራ ይሠራልሃል። ለሶሴጁ የሚሆነው ሽጉጥ ከተራው ይለያል፣ ዙሪያውን የተዘጋ ነው፣ ዕቃውን ስታዝዝ አብረህ አዝዘው።